አፉላ ላይ የጠፋው ሬዚስታንስ

ከእስራኤል ተመልሼ ግቢያችን ስገባ ከበር ጠባቂው ጀምሮ እስከ ትምህርት ክፍሌ ኃላፊ ድረስ ሁሉም የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ኢየሩሳሌምን ተሳለምሽ ወይ? አልተሳለምሁም። ስምንት ቀን ከርሜ ያደርሁት በሰሜን ያለ አፉላ የሚባል ከተማ ነው ስል ደግሞ ስሙን የሚያውቅ አላገኘሁም። ስለዚህ አንድ በአንድ ከመተረክ ጽፌ ማስቀመጥ ይሻላል ብያለሁ።

ባሕር ዳር ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ዶክትሬቴንም እየሠራሁ ነው። የማጠናው ቀጭን ነገር ነው፤ በቁሙም ቀጭን። አንዳንድ ብረቶች እጅግ ሲቀዘቅዙ ለኮረንቲ የሚያሳዩት እምቢታ፣ ማለትም ሬዚስታንሳቸው፣ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሱፐርኮንዳክተር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የእኔዎቹ ግን መስታወት ላይ የተቀቡ፣ ሺህ ቢደራረቡ የወረቀት ውፍረት የማይሞሉ፣ አቶሞቻቸው እንደተበተነ ጤፍ ሥርዓት የሌላቸው ስስ ሽፋኖች ናቸው። ሽፋኑን ይበልጥ እያሳሱት ሲሄዱ አንድ ወሰን አለ። ከወሰኑ ወዲህ ኮረንቲ ያለምንም እምቢታ ያልፋል፤ ከወሰኑ ወዲያ ጭራሽ አያልፍም። ይህን ለውጥ ሙቀት አያመጣውም። ሙቀት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በኤሌክትሮኖቹ በራሳቸው ጠባይ የሚመጣ ስለሆነ የኳንተም ለውጥ ይሉታል።

ባለፈው ዓመት ውጭ አገር ሄጄ ወሰኑ ላይ ያለውን ሽፋን ስለካ ሬዚስታንሱ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ዜሮም አልሆነ፤ ወደ ላይም አልወጣ። እውነት ከሆነ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ እንግዳ ብረት አግኝቻለሁ ማለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን ትልቁን ምዕራፍ በዚህ ላይ ጻፍሁ። አማካሪዬ ቆንጆ ነው አሉ፤ ቀጥለውም ሌላ ቦታ ደግመሽ ለኪው አሉ። ሃይፋ የሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ የማቀዝቀዣ ማሽኑን ለአምስት ቀን ሊያውሰኝ ፈቀደ። ሆቴል የሚቻል አልሆነም። ያን ጊዜ ነው እናቴ «አስረስ አፉላ አይደለም እንዴ ያለው?» ያለችኝ። አያ አስረስ የአጎቷ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎንደር ወጣ ብሎ ካለ የቤተ እስራኤል መንደር ወደ እስራኤል ሄደው እዚያው የቀሩ፤ እኔ በፎቶ ብቻ የማውቃቸው።

አርብ

ጠዋት አየር ማረፊያ ደረስሁ። የፍተሻዋ ልጅ ሽፋኖቹ ያሉባትን ትንሽ ብልቃጥ በቀላሉ አለፈቻት፤ ሻንጣዬ ውስጥ ያለው ሳጥን ግን አላማራትም። ሳጥኑ ከማሽኑ የሚወጡት ስምንት ሽቦዎች ከመለኪያዬ ጋር የሚገናኙበት ነው። ባሕር ዳር ከፕላስቲክ ምሳ ዕቃ የሠራሁት ስለሆነ ለማንም አያምርም። ስለ ሬዚስታንስ ማስረዳት ጀመርሁ። ሌላ ሰው ጠራች፤ እሱም ሌላ ጠራ። ሦስተኛው ሰውዬ የኳንተሙ ክፍል ላይ ስደርስ አዛግቶ በእጁ እለፊ አለኝ። ተማሪዎቼም እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚያዛጉት።

በባቡር ቴል አቪቭ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን። ጠመንጃቸውን ታቅፈው የሚያንቀላፉ ወታደሮች መሀል ተቀምጬ ነው የሄድሁ። ሜዳው ሲከፈት ፎገራ የደረስሁ መሰለኝ፤ ያው ጥቁር አፈር፣ ያው ልሙጥ ሜዳ፣ ሩዙ ብቻ የለም። አፉላ ጣቢያ ስወርድ አጠር ያሉ፣ ጣቶቻቸው ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባቸው ሰው ስሜን ጠርተው አቀፉኝ። እናቴን ጠየቁኝ፣ አባቴን ጠየቁኝ፣ የሞቱትን በየስማቸው ጠየቁኝ። ሰላምታው ሲያልቅ ዞር ብል አውቶቡሱ የለም፤ ከሆዱ ያላወጣሁትን ሻንጣዬንም ይዞ ሄዷል።

አያ አስረስ ወደ ጣቢያው ተቆጣጣሪ ሮጡ። አውቶቡሱ ወደ ቤት ሸአን ነው የሚሄደው፤ እዚያ ደርሶ ለሻባት፣ ለሰንበት ማለት ነው፣ ይቆማል። ተቆጣጣሪው ቢደውልለት ሾፌሩ እዚያው እጠብቃችኋለሁ አለ። እኔ እሑድ እናገኘዋለን አልሁ። እሳቸው ግን እሑድ ጠዋት ሥራ እንደምጀምር ያውቃሉ። መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝና ነዳን። ሰንበት ሊገባ የቀረው ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ከገባ በኋላ ደግሞ መኪና አይነዱም። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዲቱ ስልክ ደውለው፣ እንግዳዋን ይዘህ ወዴት ነው የምትዞር፣ ካመሸህ እዚያው እደር አሏቸው። አያ አስረስ «በሴደር፣ በሴደር» እያሉ ዘጉት። ይህ ቃል እሺም ነው፣ ደግ ነውም ነው፣ አትቆጪም ነው።

ሾፌሩ ቃሉን ጠብቆ አውቶቡሱ አጠገብ ቆይቶናል። በእርግጥ የቆየው ሻንጣዬ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ሱፍ እየቆረጠመ። ወፍራም፣ ደግ ሰው ነው። ለእኔም አንድ እፍኝ ሱፍ ዘገነልኝ። ሱፍ እኛ ዘንድ ለጾም ተወቅጦ በውኃ ይበጠበጣል፤ እነሱ በጥርሳቸው እየፈለጡ ቅርፊቱን ይተፉታል። እየቆረጠምሁ አመሰገንሁት። ሻንጣውን ስከፍት ሳጥኔ ለሁለት ተሰንጥቋል።

ቤት የደረስነው እትዬ ዘውዲቱ ሻማውን ሊለኩሱ ክብሪት ይዘው ሳለ ነው። ቀና ብለው ሳያዩን ክብሪቱን ጫሩት።

ቅዳሜ

ሳጥኔ ተሰንጥቆ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ በቤቱ ውስጥ የተዋጣለት ኤሌክትሪሺያን አለ፤ ግን ሰንበት ስለሆነ መፍቻ አይነካም። አያ አስረስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በአጠገቡ ሲያልፉ ሰረቅ አድርገው ያዩታል። አፉላ የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ አትክልት አቀዝቅዞ የሚያሽግ ፋብሪካ አለ፤ የዚያ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

የእኔ ጥፋት በማለዳው ነው የጀመረ። ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ልማድ ሆኖብኝ መብራቱን አጠፋሁት። በሰንበት መብራት አይበራም፣ አይጠፋም፤ አርብ እንደበራ ነው የሚውል። መስኮት የሌለው ክፍል ስለሆነ ቤተሰቡም እንግዳውም እስኪመሽ ድረስ በዳበሳ ሲገባ ዋለ። እኛ አገር መብራቱ ራሱ ነው የሚጠፋ፣ ማንም ሰው በዚህ አይወቀስም ብዬ ለእትዬ ዘውዲቱ ነገርኋቸው። ከአርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። በእነሱ ቤት ሥጋና ወተት አይገናኝምና፣ ምሳ ላይ ለሥጋው በተለየው ሳህን ላይ አይብ ላኖር ስል እጄን የያዙኝም እየሳቁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች መጡ። ከጎንደርም ከጎጃምም የመጡ፣ አንዳንዶቹ ጡረተኞች፣ አንዳንዶቹ ገና በፈረቃ የሚሠሩ። ሥራዬን ጠየቁኝ። የቅዳሜ ገበያ አስቡ አልኋቸው፤ ሰው ሁሉ በየፊናው እየተጋፋ ሲሄድ ይደክማል፣ ይሞቃል፤ ሬዚስታንስ ማለት ይህ ነው። ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ሁሉም በአንድ ልብ ስለሚሄዱ የሚጋፋቸው የለም። አንዲት አሮጊት ለረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ገበያ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

እሑድ

እዚህ ሳምንቱ የሚጀምረው እሑድ ነው። አውቶቡስ ጣቢያው በወታደርና በተማሪ ተጨናንቆ ነበር። ሃይፋ ተራራ ላይ የወጣች ከተማ ናት፤ ባሕሩን ከላይ ታየዋለች። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ቦሪስ ይባላል፤ ከሩሲያ የመጣ፣ ሽበታም ግዙፍ ሰው። ማሽኑን እንደ ታመመ ዘመድ ነው የሚንከባከበው። ሽፋኖቹን አብረን አስገባንና ማቀዝቀዝ ጀመርን። ሳጥንሽስ አለኝ። ተሰብሮ ቤት ነው፣ ዛሬ ይጠገናል አልሁት።

ማታ አያ አስረስ ከሥራ እንደተመለሱ መነጽራቸውን አድርገው ሳጥኑን ከፈቱት። ሽቦዎቹን ነካ ነካ አደረጉና ፕላስቲክ ምንም ነገር እንደማያስቆም፣ በብረት ሳጥን ቢሆን እንደሚሻል ነገሩኝ። እኔ ግን እንደነበረ ይሁን አልሁ፤ ያለፈው ዓመትና የዘንድሮው መለኪያ አንድ መሆን አለበት አልሁ። ምክንያቱ የሳይንስ ምክንያት ይመስላል። አልተከራከሩኝም፤ በማጣበቂያ ገጥመው፣ ላላ ያለውን ሽቦ አጥብቀው ሰጡኝ።

ሰኞና ማክሰኞ

ሰኞን ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ስንጠብቅ ዋልን። ቦሪስ ሳጥኔን ባየ ጊዜ በሩሲያኛ አንድ ነገር አለ፤ ትርጉሙን ብጠይቀው አልነገረኝም።

ማክሰኞ ለካሁ። የመሀሉ ሽፋን ሬዚስታንስ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ልክ ያለፈው ዓመት ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ የግራፉ መስመር እንደ ፎገራ ሜዳ ልሙጥ ሆነ። ደስታዬን አልችለው አልሁ። በመመለሻዬ አፉላ መሀል ከተማ ወርጄ ኬክ ገዛሁ።

ራት ላይ አያ አስረስ ኬኩን እየበሉ ጠየቁኝ። «መቆሙን እንዴት አወቅሽ?»

ማሽኑ እየቀዘቀዘ ሬዚስታንሱ አልወርድ ማለቱን ነገርኋቸው።

«የቀዘቀዘው ማሽኑ ነው ወይስ ያችው ስስ ነገር?»

ቴርሞሜትሩ ከሽፋኑ አጠገብ ነው አልሁ። አጠገቡ እንጂ ላዩ ላይ አይደለም። እሳቸውም አንድ ነገር አወሩኝ። ፋብሪካው ውስጥ አንዱ የበረዶ ክፍል በየሰዓቱ ሞቀ እያለ ይጮህ ነበር። ሰው ሲገባ ግን በረዶው እንዳለ ነው። አንድ ሳምንት ቆመው ሲጠብቁ፣ የሚጮኸው የበሩ ዘበኛ በሬዲዮው ሲያወራ መሆኑን አዩ። የቴርሞሜትሩ ሽቦ ረጅም ስለሆነ የዘበኛውን ወሬ ይሰማል፤ ወሬውን ሙቀት አድርጎ ያቀርባል። ሽቦውን ብረት ቱቦ ውስጥ አስገቡ፣ መግቢያው ላይ የሬዲዮውን ሞገድ የሚያስቀር ትንሽ ማጣሪያ ሰኩ፣ ጩኸቱ ቀረ።

የእኔ ነገር ከዚያ የባሰ ነው። ስልኩ፣ ሬዲዮው፣ ኮምፒውተሩ የሚረጨው ጫጫታ በሽቦዎቹ ገብቶ ያችን ስስ ሽፋን በእውነትም ሊያሞቃት ይችላል፤ ቴርሞሜትሩ ምንም ሳያውቅ። ይህን ክርክር አላውቀውም ማለት አልችልም። ከመጽሔት አንብቤዋለሁ፤ ለተማሪ አስተምሬዋለሁ። ያለፈው ዓመት አንዲት ትንሽ ማጣሪያ አድርጌ ይበቃል ብዬ አልፌዋለሁ። ያለፍሁት ስለበቃ አልነበረም፤ እንዲበቃ ስለፈለግሁ ነው። እንግዳው ብረት የእኔ ነበረ፤ ዓመት ሙሉ አብሬው ኖሬአለሁ።

ቤተ ሙከራው ንጹሕ ነው አልኋቸው፤ ድምፄ ሳይታወቀኝ ጠንከር አለ። እትዬ ዘውዲቱ ሰሃን ማንሳት ጀመሩ።

«ሳጥኑን በብረት ብንሠራው ምን ታጫለሽ?» አሉኝ አያ አስረስ።

የማጣውን አውቀው ነበር። ወደ መኝታዬ ስነሳ ግን ነገ እሠራዋለሁ፣ ያግዙኝ አልኋቸው። በሰባት ሰዓት እንወጣለን አሉ።

ረቡዕ

ሰባት ሰዓት ለእኔ ከምሳ በኋላ ነው። ለእሳቸው ፀሐይ ሳይሞቅ ነው፤ አማርኛቸው የጎንደር ሆኖ ሰዓታቸው የአፉላ ነው። የመኪናው ጥሩምባ ሲጮህ ገና ፀጉሬን አላበጠርሁም ነበር። እትዬ ዘውዲቱ ዳቦና እንቁላል በወረቀት ጠቅልለው ከኋላዬ እየሮጡ ሰጡኝ።

የኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች በአውቶቡስ እየወጡ፣ የቀኖቹ እየገቡ ነበር። የፋብሪካው አለቃ ሳጥኑ ይፈነዳል ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀና ፈቀደ። አያ አስረስ ከአሮጌ የኮረንቲ ማከፋፈያ ላይ የአሉሚኒየም ሳጥን ነቀሉ። ለስምንቱ ሽቦ ስምንት ቀዳዳ በሱ፤ በየቀዳዳው አንዳንድ ማጣሪያ በርሳስ በየዱ። እኔ ሽቦ እየላጥሁ አቀበልኋቸው። ክዳኑ የሚገጥምበትን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት እየፋቁ ቀለሙን አስለቀቁ፤ በቀለሙ ስንጥቅ እንኳ ጫጫታ ይገባል አሉ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በመጽሐፍ ነው የማውቀው፤ በእጅ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ከማሸጊያው መስመር የመጡ ሁለት የጎጃም ሴቶች አነጋገሬን ሰምተው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። አንደኛዋ ከደጀን አካባቢ ናት። ዓባይ በረሃው መንገድ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችኝ፤ ያው ነው አልኋት፤ ደስ አላት። ቀዝቃዛ አተር ሲያሽጉ ውለው ጣታቸው በድን ስለሚሆን የሻይ ብርጭቋቸውን በሁለት እጅ ነው የሚይዙ። አንድ የማሽን ቀን አጥፍቻለሁ፤ ግን አልቆጨኝም።

ሐሙስ

አያ አስረስ ፈቃድ ወስደው አብረውኝ ሃይፋ ሄዱ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ ሰዓት መንገድ ኖረው ዩኒቨርሲቲ ገብተው አያውቁም። ለሰርግ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። ቦሪስ አዲሱን ሳጥን ተቀብሎ ክዳኑን ከፈተ፣ ብየዳውን አንድ በአንድ አየ፣ ከዚያ እጃቸውን ጨብጦ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀም። አንዱ በሩሲያኛ ቅላፄ፣ አንዱ በጎንደር ቅላፄ፣ በዕብራይስጥ ይግባቡ ጀመር።

ሳጥኑን ሰካነው። ሽፋኑ ያው፣ ማሽኑ ያው፣ የቴርሞሜትሩ ቁጥር ያው። ሬዚስታንሱ ወረደ። የሚቆምበት ቦታ ደረሰ፤ አልቆመም። ወርዶ ወርዶ መለኪያዬ ሊያየው ከማይችለው በታች ሆነ። ሱፐርኮንዳክተር ነው። ሲጀመርም ሱፐርኮንዳክተር ነበረ። እንግዳው ብረቴ የሬዲዮ ወሬ ነበር።

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። መስኮቱ ባሕሩን ያሳያል፤ መርከቦች ተራቸውን እየጠበቁ ቆመዋል። አንድ ዓመት፣ አንድ ምዕራፍ። እንባዬ መጣ። አያ አስረስ ተከትለውኝ ወጡ፤ ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አድርገዋል። ፊታቸው የሰው ዕቃ የሰበረ ሰው ፊት ነው።

«ወይንሸት፣ ካጠፋሁ ሳጥኑን እነቅለዋለሁ» አሉኝ።

በእንባዬ ላይ ሳቅሁ፤ ምክንያቱም ትክክል ነበሩ፣ ለማመሳከር መነቀል ነበረበት። ገባንና ነቀልነው። የፕላስቲኩን ስንሰካ መስመሩ ሜዳ ሆኖ ቆመ። የብረቱን ስንሰካ ወደ ታች ሄደ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። በሦስተኛው ቦሪስ ስልኩን አውጥቶ ከፕላስቲኩ ሳጥን አጠገብ ሆኖ ለሚስቱ ደወለ። ሬዚስታንሱ ሽቅብ ዘለለ። ሚስቱ ምን ፈልገህ ነው ብትለው ምንም ብሎ ዘጋ፤ እኛም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ከዚያ ነው ይበልጥ የሳሳውን፣ ከወሰኑ ወዲያ ያለውን ሽፋን ማየት ትዝ ያለኝ። ድሮ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ጥቂት ጨምሮ ይደክም ነበር። በብረቱ ሳጥን ግን እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ ከመለኪያዬ ጣሪያ በላይ ወጣ። እሱንም ያዳክመው የነበረ ያው ጫጫታ ነው። አንዱ ሽፋን ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ፣ በመሀላቸው ምንም የለም። ወሰኑን እንዲህ ጥርት ብሎ አይቼው አላውቅም፤ እኔው ነበርሁ በጫጫታ የሸፈንሁት። ያን ቀን ምሳ የበላነው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እትዬ ዘውዲቱ ለሦስት ሰው የቋጠሩትን ምግብ ቦሪስ ብቻውን እኩሌታውን ጨረሰው።

አርብ

ከጣቢያው ለአማካሪዬ ደወልሁ። ምዕራፉ እንደፈረሰ፣ ግን በቦታው ሌላ እንዳለ ነገርኋቸው። እሳቸውም ሁለቱንም ሳጥን በሥዕል አስገቢ፣ የመጀመሪያውን አትደብቂ አሉኝ። እትዬ ዘውዲቱ ለእናቴ የራስ ሻርብ፣ ለእኔ ሁለት ኪሎ ሱፍ አሸክመውኝ ነበር። አያ አስረስ ሻንጣዬን ከሥር አላስገባም ብለው ከሾፌሩ ጋር ተከራከሩ፤ እግሬ ሥር አድርጌ ሄድሁ።

ከተመለስሁ ሁለት ወር ሆነኝ። አዲሱን ምዕራፍ ጨርሻለሁ፤ ከድሮው ያጥራል። የሐሙሱን መስመር በትልቅ ወረቀት አትሜ ለአያ አስረስ ልኬላቸው ነበር። ባለፈው ሰሞን እትዬ ዘውዲቱ ደውለው ስሞታ ነገሩኝ። አያ አስረስ ወረቀቱን ፋብሪካው ውስጥ ከማከፋፈያው ሰሌዳ ጎን ሰቅለውታል፤ የሚያልፈውን ሁሉ አቁመው ያሳያሉ። መስመሩ ወርዶ ከሥር ተኝቶ ስለሚቀር፣ ወረቀቱ ላይ ምንም የለም እኮ ይሏቸዋል። እሳቸውም ምንም እንዳይኖርበት ነው ቀኑን ሙሉ የለፋነው ብለው ይመልሳሉ አሉ።